ትርኢት ሲቀነስ የሚጎድለው ምንድን ነው? የመዝናኛ ፓርክ ወዳጆች ቅሬታና ከጀርባው ያለው ስሌት

በፍሎሪዳ የሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ ከአራቱ ፓርኮቹ አንዱ በሆነውና የልዩ ልዩ አገሮችን ባህል የሚያሳዩ ክፍሎች ባሉት በኤፕኮት ለዓመታት ሲጫወቱ የኖሩ በርካታ የሙዚቃና የተውኔት ቡድኖችን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 በአንድ ጊዜ አሰናበተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1997 ጀምሮ በካናዳ ክፍል የኬልቲክ ሮክ ሙዚቃ ያቀርብ የነበረው ኦፍ ኪልተር፣ በሞሮኮ ክፍል የሰሜን አፍሪካን ዜማ ከዘመናዊ ምት ጋር ያዋሕድ የነበረው ሞሮኪን፣ እንዲሁም አላፊ አግዳሚውን ጠርቶ በአጫጭር አስቂኝ ተውኔቶች ያሳትፍ የነበረው የተዋንያን ቡድን ከተሰናባቾቹ መካከል ነበሩ። በኦፍ ኪልተር ቦታ የመጣው የእንጨት ቆራጮች የውድድር ትርኢት አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ተነሣ። እነዚህን ቡድኖች ለመስማት ሲሉ ወደ ፓርኩ ይመላለሱ የነበሩ ሰዎች ያኔ ያሰሙት ቅሬታ፣ ከዚያ ወዲህ በየኩባንያው ፓርክ ትርኢት በተቀነሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል። የሚሰጣቸውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ ፓርክ መለወጡ አይቀርም፣ ቅሬታውም የትዝታ ጉዳይ ነው።

ትዝታ አለበት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የቅሬታው ዋና ነገር ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። በሰው የሚቀርብ ትርኢት ወጪው በየቀኑ ይቆጠራል፤ ጥቅሙ ግን በፓርኩ ውሎ ሁሉ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ በየትኛውም መዝገብ ላይ ራሱን ችሎ አይታይም። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ በተፈለገ ጊዜ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት እርሱ ይሆናል። ጎብኚዎች ደግሞ የጎደለውን ነገር በሒሳብ ሰነድ ሳይሆን በእግራቸው ሲዞሩ ያገኙታል፤ ለዚህም ነው ኩባንያውና ደንበኛው ስለ አንድ ቅነሳ ሲነጋገሩ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር የሚመስለው።

ትርኢት በእነዚህ ፓርኮች ውስጥ በኋላ የመጣ ማስጌጫ አልነበረም። ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ በጁላይ 17 ቀን 1955 ሲከፈት የራሱ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ነበረው። ጎልደን ሆርስሹ በተባለው አዳራሽ የሚታየው የዘፈንና የቀልድ ትርኢትም በዚያው ዓመት ተጀምሮ እስከ 1986 ዘለቀ፤ በዓለም እጅግ ብዙ ጊዜ ከቀረቡ የሙዚቃ ትርኢቶች አንዱ በመሆንም በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ዳፐር ዳንስ የተባሉት አራት ድምፃውያን ከ1959 ጀምሮ በዋናው ጎዳና ላይ እየተዘዋወሩ ያለ መሣሪያ ይዘምራሉ። በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ኮሜዲያን ስቲቭ ማርቲን በልጅነቱ በዚያው ፓርክ ይሠራ ነበር፤ የጎልደን ሆርስሹው ቀልደኛ ዋሊ ቦግ በጥበቡ ላይ ትልቅ ተጽዕኖ እንዳሳደረበትም ራሱ ተናግሯል። አንድ ትርኢት በየቀኑ ለዓመታት ሲቀርብ ተዋናዩ የተመልካቹን ትንፋሽ እስኪያውቅ ድረስ ይበስላል፤ አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ልጅም ይማራል። ይህን የመሰለ የሙያ ትምህርት ቤት በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ማቋቋም አይቻልም።

ታዲያ ለምን ይቀነሳል? በ1966 ዊልያም ቦሞልና ዊልያም ቦውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የትዕይንት ጥበባትን ችግር አጥንተው፣ እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠቀስ ሐሳብ አቀረቡ። በፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ምርት በማሽን እየታገዘ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። አራት ሙዚቀኞች ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈን ሙዚቃ ለመጫወት ዛሬም አራት መሆን አለባቸው፤ ጊዜውም ያው ነው። ደመወዛቸው ግን በሌላው የሥራ ዘርፍ ካለው ደመወዝ ጋር አብሮ መጨመር አለበት፤ አለበለዚያ ሙያውን ትተው ይሄዳሉ። በዚህ የተነሣ በሰው የሚቀርብ ጥበብ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት፣ ከሌላው ዕቃና አገልግሎት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እየከበደ ይሄዳል። የፓርክ ትርኢትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

በዚህ ላይ የሒሳብ አያያዙ ይጨመራል። አንድ ኩባንያ አዲስ ሮለር ኮስተር (ሰው አሳፍሮ በሐዲድ ላይ እየወጣና እየወረደ በፍጥነት የሚጓዝ መጫወቻ) ሲሠራ ወጪው እንደ ሀብት ተመዝግቦ ለብዙ ዓመታት ይከፋፈላል፤ የማስታወቂያ ዘመቻ ይሠራለታል፤ ከተሠራ በኋላም በጥቂት ኦፕሬተሮችና የጥገና ባለሙያዎች ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የትርኢት ቡድን ደመወዝ፣ የልብስ አጣቢው፣ የድምፅና የመብራት ባለሙያው፣ ተዋናይ ሲታመም የሚተካው ተጠባባቂ ተዋናይ፣ ሁሉም በሥራ ማስኬጃ ወጪ ውስጥ ይገባሉ፤ በእያንዳንዱ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይም ሙሉ ክብደታቸው ይታያል። ለባለ አክሲዮኖች የተሻለ ቁጥር ማሳየት የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ሮለር ኮስተሩን ነቅሎ መጣል አይችልም፤ የባንዱን ውል አለማደስ ግን ይችላል። አብዛኛው ቅነሳ የሚፈጸመውም እንዲህ ነው፤ ታዋቂ ካልሆነ በቀር ትርኢቱ መቆሙ በአዋጅ አይነገርም፤ ውሉ ያበቃል፤ ጎብኚው መድረኩን ባዶ ሲያገኘው ያውቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ከገቢው ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይነሣ ይታለፋል። የዲዝኒ ፓርኮች እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለየመጫወቻው የተለየ ኩፖን ይሸጡ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ የመግቢያ ትኬት ሁሉንም የሚያካትት ሆነ። በአንድ ትኬት ዘመን የትኛው ነገር ስንት ገቢ እንዳመጣ ለይቶ ማወቅ ለሁሉም ያስቸግራል፤ መጫወቻዎቹ ግን በቅርቡ የራሳቸው ገቢ አገኙ። ከ1999 ጀምሮ በነፃ ይሰጥ የነበረው ወረፋ የማሳጠሪያ አገልግሎት ቀርቶ፣ ከኦክቶበር 2021 አንሥቶ በፍሎሪዳ ለአንድ ሰው በቀን ከ15 ዶላር ጀምሮ መሸጥ ጀመረ። በ2024 የመጣው ከፍተኛው ደረጃ ደግሞ ሲጀመር በተጨናነቁ ቀናት እስከ 449 ዶላር ይደርስ ነበር። ወረፋ ያለው ነገር ሁሉ እንግዲህ የሚሸጥ ነገር ሆኗል። በጎዳና ላይ የሚጫወት ባንድ ወረፋ የለውም፤ ስለዚህ የሚሸጥ ወረፋም የለውም። ኩባንያዎች ሆን ብለው ወረፋ ያረዝማሉ ብዬ አልከስም። ነገር ግን ሁለት ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ አዳራሽ ሲዘጋ ያ ሁሉ ሰው አንድ ቦታ መቆሙ አይቀርም፤ የሚቆመውም በሌሎች ወረፋዎች ውስጥ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ ይህን አካሄድ አልፈጠረውም፤ እጅግ አፈጠነው እንጂ። ፓርኮቹ በማርች 2020 ተዘጉ። ዲዝኒ በሴፕቴምበር 28,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ ቁጥሩም በኖቬምበር ወደ 32,000 ከፍ አለ። አክተርስ ኢኩዊቲ የተባለው የተዋንያን ማኅበር በፍሎሪዳው ፓርክ ከሚወክላቸው አባላት መካከል ወደ 720 የሚጠጉት ከሥራ እንደሚሰናበቱ በዚያው መከር ወራት ተሰማ፤ ይህም ከአባላቱ እጅግ የሚበዛው ክፍል ነው። በጭንብልና በርቀት ዘመን ዘፋኝን ከዘፋኝ፣ ተዋናይን ከተመልካች ማራራቅ ግድ ስለነበር በዚያ ወቅት ትርኢት መቆሙን ማንም አልተቃወመም። ጥያቄው የመጣው በሮቹ ሲከፈቱ፣ ትኬቱ ወደ ቀድሞ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ሲወጣ፣ መድረኮቹ ግን ባዶ ሆነው ሲቆዩ ነው።

የተመለሱት ትርኢቶች እንዴት እንደተመለሱ መመልከት ያስተምራል። ከፍሎሪዳዎቹ የዲዝኒ ፓርኮች አንዱ በሆነው በአኒማል ኪንግደም ከ1998 ጀምሮ የሚቀርበው የአንበሳው ንጉሥ ትርኢት በ2021 ሲከፈት በጣም ተወዳጅ የሆኑት አክሮባቶች አልነበሩበትም፤ በጁላይ 2022 ሙሉ ቅርጹን አገኘ፤ ተመልካቹም በደስታ ተቀበለው። በዚያው ፓርክ ከ2007 ጀምሮ ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ይወስድ የነበረው፣ ስለ ዓሣው ኒሞ በተሠራው ፊልም ላይ የተመሠረተው የሙዚቃ ተውኔት ግን በ2022 የመጣው አዲስ ስምና ወደ 25 ደቂቃ ያጠረ ይዘት ይዞ ነው። በዚሁ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ከ1974 ጀምሮ ሲቀርብ የኖረውና ጎብኚዎች ራት እየበሉ የሚያዩት ሁፕ ዲ ዱ የተባለው ትርኢት ለመመለስ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደበት፤ እርሱ ለብቻው በሚከፈል ዋጋ የሚታይ ነው። በካሊፎርኒያ አድቬንቸር ፓርክ የሚገኘው ሃይፒሪየን ቲያትር፣ ከ2003 እስከ 2016 በአላዲን ታሪክ ላይ የተሠራውን፣ ከዚያም እስከ 2020 ፍሮዝን በተባለው ፊልም ላይ የተሠራውን ትልልቅ የሙዚቃ ተውኔት ያቀርብ የነበረው አዳራሽ፣ ከወረርሽኙ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝግ ሆኖ ቆየ፤ ከጁን 2023 መጨረሻ ጀምሮ አንድ የሙዚቃ ተውኔት ለሁለት ወር ታይቶበት እንደገና ተዘጋ። በፓሪሱ ዲዝኒላንድ ከ1992 ጀምሮ ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚታዩበት የቡፋሎ ቢል ትርኢት ከ2020 በኋላ አልተመለሰም። በሌሎች ኩባንያዎችም ታሪኩ የተለየ አይደለም፤ ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ በፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ከተማ ባለው ግቢው ከ1999 ጀምሮ ሲያሳየው የነበረውን የሲንድባድ የጀብዱ ትርኢት በ2018 አቁሟል፤ ከ2007 ጀምሮ በግቢው የነበረው ብሉ ማን ግሩፕ የተባለው የትርኢት ቡድንም በ2021 ተሰናብቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ፣ በእኔ ግምት፣ ትርኢት መጥፋቱ ሳይሆን ቦታ መቀየሩ ነው። በ2019 በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ የተከፈተው፣ በስታር ዋርስ ፊልሞች ታሪክ ላይ የተመሠረተው የፓርክ ክፍል ገና ከመሠራቱ በፊት፣ በየጥጉ ጎብኚውን እንደ ታሪኩ ተሳታፊ የሚያናግሩ ተዋንያን ይኖሩበታል የሚል ተስፋ ነበረበት። ሲከፈት ሕንፃው፣ መብራቱ፣ ሮቦቱ ሁሉ እጅግ ያማረ ነበር፤ ያ ሁሉ ተዋናይ ግን አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በማርች 2022፣ በፍሎሪዳ በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሆቴል ተከፈተ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ተዋንያን እንግዳውን በስሙ እየጠሩ፣ ውሳኔውን እየተከተሉ ታሪኩን አብረውት ይተውኑ ነበር። ለሁለት ሰው ዋጋው ወደ 4,800 ዶላር ገደማ ነበር። ሆቴሉ በሴፕቴምበር 2023 ተዘጋ። የዘጋው ዋጋው ይሁን የገበያው ጥበት፣ በውስጡ የነበሩት እንግዶች ከሁሉ አብልጠው ያመሰገኑት ግድግዳውን ሳይሆን ተዋንያኑን ነበር። በመግቢያ ትኬት ውስጥ ይገኝ የነበረው የሰው ለሰው ጨዋታ በዚህ መንገድ ለብቻው ወደሚሸጥ ዕቃነት ተሻገረ። በበዓላት ሰሞን ተጨማሪ ትኬት የሚቆረጥባቸው የምሽት ግብዣዎችም የዚሁ ዝንባሌ አካል ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚታዩት የሰልፍ ትርኢቶችና አልፎ አልፎ የሚታዩ ገጸ ባሕርያት ብዙ ጊዜ በመደበኛው ቀን አይገኙም።

እዚህ ላይ የቅሬታውን ፍትሐዊነት ማየት ይቻላል። በ1955 የዲዝኒላንድ መግቢያ አንድ ዶላር ነበር፤ መጫወቻው በተለየ ኩፖን ይከፈል ነበርና ንጽጽሩ ፍጹም ባይሆንም፣ በኦክቶበር 2024 የአንድ ቀን ትኬት በተጨናነቁ ቀናት 206 ዶላር ደርሷል። ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው ከበፊቱ ያነሰ ነገር ሲያገኝ ማዘኑ የገበያ ጠባይ ነው፤ ስለ ማንኛውም ሌላ ዕቃ ቢሆን ማንም ትዝታ ብሎ አይጠራውም ነበር። በተለይ ዓመታዊ ትኬት ያለው ደንበኛ ሮለር ኮስተሩን ሃያ ጊዜ ተሳፍሮበታል፤ ሃያ አንደኛውም ያው ነው። ባንዱና ቀልደኛው ግን በእያንዳንዱ ቀን የተለዩ ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ያንኑ ዝናብ ቀልድ ያደርጉታል፤ ከፊት የቆመችውን አያት በዘፈኑ ውስጥ ያስገቧታል። መጫወቻ ለማን እንደሚሠራ አያውቅም፤ ተዋናይ ግን ያውቃል፤ ደንበኛውን የሚመልሰውም አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሌላም የማይታይ ጥቅም አለ፤ ስለ እርሱ ሲነገር የምሰማው ግን ጥቂት ነው። ትልልቆቹ መጫወቻዎች የቁመት ገደብ አላቸው፤ የልብ ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡሮች እንዳይሳፈሩ በመግቢያቸው ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። አዛውንቶች፣ ሕፃን የታቀፉ ወላጆች፣ ድምፅና ፍጥነት የሚያስጨንቃቸው ልጆች በብዙዎቹ አይጠቀሙም። ለእነዚህ ሰዎች የቲያትር አዳራሹ ጥላና ወንበር ያለበት፣ ከቤተሰቡ ጋር እኩል ሆነው አንድ ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው። ትርኢቱ ሲነሣ ለወጣቱና ለጤነኛው ፓርኩ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለእነርሱ ግን የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው። ትኬታቸው ደግሞ ከሌላው አያንስም።

ለኩባንያዎቹ ወገን የሚነገር እውነት አለ፤ ሊነገርም ይገባል። ሰው የማይቀመጥበት ትርኢት አለ፤ ዘመኑ ያለፈበት ቀልድ አለ፤ ማንኛውም መድረክ ለዘለዓለም ለአንድ ሥራ መያዝ የለበትም። ገንዘብም ጨርሶ አልተነፈገም፤ ዲዝኒ በ2023 ለፓርኮቹና ለመርከቦቹ በአሥር ዓመት ውስጥ 60 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቋል፤ በጁላይ 2025ም ከፍሎሪዳዎቹ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም ከ2016 ወዲህ ያጣውን የሌሊት የሰልፍ ትርኢት በአዲስ መልክ አግኝቷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚያደላበትን ወገን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚጸድቀው በአብዛኛው ግዙፉ፣ በፎቶግራፍ የሚያምረው፣ ለማስታወቂያ የሚመቸው፣ በታዋቂ ፊልም ስም የሚሸጠው ነው፤ ርችት፣ በሕንፃ ላይ የሚበራ ምስል፣ በፓሪስ ከ2022 ጀምሮ እንደታየው የድሮን ትርኢት። እነዚህ ውብ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተሠሩም በትንሽ የሰው ኃይል በየምሽቱ ይደገማሉ። የሚጎዳው ትንሹ ነው፦ ሦስት ሰው ያለበት ባንድ፣ ጥግ ላይ የሚያጫውት አስማተኛ፣ ፖሊስ ወይም ፖስተኛ መስሎ ጎብኚውን የሚያስቅ የጎዳና ተዋናይ። አንድ ቀን ሙሉ በፓርክ ውስጥ ለሚውል ሰው ግን በትልቅ መጫወቻና በትልቅ መጫወቻ መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ የሚሞሉለት እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው።

የባለሙያዎቹንም ሁኔታ ሳያነሡ ስለ ትርኢት መናገር ጎደሎ ነው። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ባንድ ሲበተን አባላቱ ሥራ ፍለጋ ይሰደዳሉ፤ አብረው ያካበቱት መግባባትም አብሮ ይበተናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ኩባንያው ሐሳቡን ቢቀይር አዲስ ሙዚቀኞች ይቀጥራል እንጂ ያንን ባንድ አያገኘውም። በሜይ 2024 በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የገጸ ባሕርያትና የሰልፍ ትርኢት ሠራተኞች በአክተርስ ኢኩዊቲ ለመደራጀት ድምፅ ሰጥተው በ953 ለ258 አሸንፈዋል። ማኅበር ደመወዝና የሥራ ደኅንነት ያሻሽላል፤ የባለሙያው ድምፅ በጠረጴዛው ዙሪያ እንዲሰማም ያደርጋል። ወጪውን ከፍ በማድረግ ቅነሳውን ያባብሳል የሚሉም አሉ። እኔ ግን ትርኢትን ከጥፋት የሚያድነው የባለሙያውን ክፍያ ዝቅ ማድረግ ነው የሚለውን ክርክር አልቀበልም፤ ዝቅ ባለ ክፍያ የሚቆይ ባለሙያ ለዓመታት እየበሰለ የሚሄድ ባለሙያ አይሆንም።

ትርኢት ትርፍ አያመጣም የሚለውን አባባል ለመመዘን ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን ፑይ ዱ ፉ የተባለ ፓርክ መመልከት ይበቃል። በ1978 በፈቃደኞች የሌሊት ትርኢት ጀምሮ በ1989 የቀን ፓርክ ከፈተ። ሮለር ኮስተር የለውም፤ ጎብኚዎቹ የሚመጡት የሮማውያንን የሠረገላ ውድድር፣ የቫይኪንጎችን ወረራ፣ የፈረሰኞችንና የአእዋፍን ትርኢት ለማየት ነው። በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል፤ በስፔን ቶሌዶም ሁለተኛ ፓርክ ከፍቷል። በእርግጥ የሌሊቱ ትርኢት በሺዎች በሚቆጠሩ ፈቃደኞች ጉልበት የቆመ ስለሆነ ስሌቱን እንዳለ ወደ ኦርላንዶ ማሻገር አይቻልም። የቀኑ ፓርክ ግን በተቀጠሩ ባለሙያዎች ይሠራል፤ ከማሽን ይልቅ በሰው፣ በፈረስና በታሪክ ላይ ገንዘቡን አውሎ ሕዝብ ጠግቦ እንደሚመለስ አሳይቷል።

ቅሬታ ያላቸው ወዳጆች ከኩባንያዎቹ ጋር በሚነጋገሩበት ጊዜ ይህ ወይም ያ ትርኢት ለምን ቀረ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የሚጠቅማቸው ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ኩባንያው ትርኢቱ ተመልሷል ሲል በቀን ስንት ጊዜ ይቀርባል? ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ስንት ሰው መድረኩ ላይ ይቆማል? ሙዚቃው በመድረኩ ላይ ይጫወታል ወይስ ከቅጂ ይሰማል? በሳምንት ስንት ቀን ባለሙያዎቹ ያርፋሉ፤ ያን ቀንስ ቦታው ባዶ ነው ወይስ ሌላ ቡድን አለ? ለብቻው የሚከፈልበት ነው ወይስ በመግቢያው ትኬት ውስጥ ነው? የትርኢቱ ስም በፕሮግራሙ ላይ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ ቅነሳው የሚፈጸመው በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹንም ማንኛውም ጎብኚ የዕለቱን ፕሮግራም ካለፈው ዓመት ጋር አስተያይቶ ራሱ ሊቆጥራቸው ይችላል።